መሄዱስ ተገኘ፤ መቆሙሳ?

ስለ ባለሦስት እግር ቢስክሌትና ስለ ዘይት ፍሬን

ውድ አንባቢ፣ ስለ መሄድ ብዙ ተጽፏል። መኪና በሰዓት ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ሮጠ፣ ባቡር ይህን ያህል ፈጠነ፣ አውሮፕላን ከድምፅ ቀደመ ሲባል በየጊዜው እንሰማለን። ስለ መቆም የሚጽፍ ሰው ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በቅሎ የጋለበ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ልጓም የሌላት በቅሎ ፈጣን ብትሆን ለጌታዋ መከራ እንጂ ጥቅም አይደለችም። የመንኰራኵርም ነገር እንደዚሁ ነው፤ የመንኰራኵር ልጓሙ ፍሬን ነው።

ዛሬ የምናጫውትዎ ስለ አንድ ዓይነት ተሽከርካሪ ልጓም ነው። ይኸውም እግሩ የማይታዘዝለት ሰው ተቀምጦ በእጁ እየዘወረ የሚሄድበት ባለሦስት እግር ቢስክሌት ነው። በባሕር ዳር የዘንባባ ጥላ ሥር፣ በመራዊ የገበያ መንገድ ዳር፣ ወይም እርስዎ ባሉበት ከተማ ሲያልፍ አይተውት ይሆናል። ከፊት አንድ መንኰራኵር፣ ከኋላ ሁለት፣ በመካከላቸው መቀመጫ፣ በደረት ትይዩ ደግሞ በእጅ የሚዞር ፔዳልና ካቴና አለው። ነጂው ክንዱን አጠንክሮ ሲዘውር አይተው አድንቀው ይሆናል። ግን አንድ ጥያቄ ጠይቀው ያውቃሉ? ልጅ ድንገት መንገድ ቢያቋርጥበት ይህ ሰው በምን ይቆማል?

ባለሁለት እግር ቢስክሌት የሚነዳ ሰው ፍሬኑ ቢከዳው ጫማውን በመሬት ላይ እየጎተተ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሲብስበትም ዘሎ ይወርዳል። በእጁ የሚዘውረው ሰው ግን የሚያወርደው እግር የለውም። ዘሎ መውረድም አይችልም። ስለዚህ ከሁላችን ይልቅ ደኅና ፍሬን የሚያስፈልገው እሱ ሆኖ ሳለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁላችን የደከመውን ፍሬን ይዞ የሚሄደው እሱ ነው። ከፊት ጎማ ላይ የተገጠመ አንዲት የላስቲክ ቁራጭና አንዲት የላላች ካቦ ብቻ ያለችውን ቢስክሌት መርምረው ቢያዩ ነገሩ ይገባዎታል።

የሰዓት ሠሪው ጋሪ

በእጅ የሚዘወር ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ የትናንት ፈጠራ አይመስልዎ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1655 ዓ.ም. በጀርመን አገር በኑርንበርግ አጠገብ በምትገኘው በአልትዶርፍ ከተማ የሚኖር ሽቴፋን ፋርፍለር የሚባል ወጣት ሰዓት ሠሪ ነበር። እግሩ ስለማይሄድለት የሰዓት ጥርሶችን በሚያውቅ እጁ ለራሱ ጋሪ ሠራ፤ የፊተኛውን መንኰራኵር በእጅ በሚዞር ዘዋሪና በጥርስ እያንቀሳቀሰ የሚሄድ ባለሦስት እግር ጋሪ ነበር። ያን ጊዜ ዕድሜው 22 ዓመት ነበር። ዛሬ ቢስክሌት የምንለው ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ከአንድ መቶ ስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እንግዲህ በእጅ የሚዘወረው የቢስክሌት ታናሽ ወንድም ሳይሆን ታላቁ ነው ማለት ነው።

ሌላም ዘመድ አለው። በአውሮፓና በአሜሪካ ጤነኛ ሰዎች እግራቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፣ ጀርባቸውን ወደ ኋላ አስደግፈው የሚነዱት ተጋድሞ የሚነዳ ቢስክሌት ነው። በ1933 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን) ፍራንሲስ ፎር የተባለው ፈረንሳዊ፣ ሻርል ሞሼ በሠራው በእንዲህ ያለው ቢስክሌት ተጋድሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ 45 ኪሎ ሜትር ከ55 ሜትር ሄደ። ከ1914 ጀምሮ ኦስካር ኤግ ይዞት የነበረው ክብረ ወሰን 44 ኪሎ ሜትር ከ247 ሜትር ነበር። ሁሉም ደስ ይለዋል ብለው ካሰቡ ተሳስተዋል። የዓለም የቢስክሌት ማኅበር በማግሥቱ ዓመት በ1934 እንዲህ ያለው ተሽከርካሪ ቢስክሌት አይባልም ብሎ ከውድድር አስወጣው። ከውድድር ቢወጣም ከመንገድ አልወጣም። ዛሬ ከፊት ሁለት ከኋላ አንድ መንኰራኵር ያለው ተጋድሞ የሚነዳ ባለሦስት እግር ቢስክሌት በፋብሪካ ይሠራል፤ ከሚገጠሙለት ፍሬኖችም አንዱ በዘይት የሚሠራው የዲስክ ፍሬን ነው። ይህ ፍሬን ምን እንደሆነና ለእኛ ሰው ቢስክሌት እንዴት ሊስማማ እንደሚችል አብረን እንመልከት።

የቍልቍለት ሒሳብ

ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ቢስክሌት የሚበዛባትም ስለዚህ ነው። ሜዳ ላይ የሚሄድ ሰው ስለ ፍሬን ብዙ አይጨነቅም። መንገዱ ግን ሁልጊዜ ሜዳ ሆኖ አይቀርም። መራዊ ከባሕር ዳር በስተደቡብ ከሠላሳ ኪሎ ሜትር ጥቂት አለፍ ብላ፣ ከዳንግላ በሚመጣው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች፤ ከጣና ሐይቅ ዳር ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለሆነች በመሸንቲ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚመጣ ሰው በጠቅላላው ሲታይ ወደ ታች ይወርዳል። በከተማይቱም አጠገብ የቤዛዊት ኮረብታ አለ።

አሁን እርሳስና ወረቀት ያቅርቡ። ነጂው 60 ኪሎ፣ ቢስክሌቱ ከነጭነቱ 40 ኪሎ ይመዝናል እንበል፤ ድምሩ 100 ኪሎ ነው። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በውስጡ ያለው የመንቀሳቀስ ጕልበት 386 ጁል ያህል ነው። በቍልቍለት ፍጥነቱ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ቢያድግ ጕልበቱ ሦስት እጥፍ ሆነ ይላሉ? የፊዚክስ መምህርዎ እንዳስተማሩዎት ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል፤ 3472 ጁል ይደርሳል። ፍጥነት ሦስት እጥፍ ሲያድግ ፍሬኑ የሚሸከመው ሥራ ዘጠኝ እጥፍ ያድጋል ማለት ነው።

በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ማለት በሴኮንድ ከ8 ሜትር በላይ ነው። ነጂው ልጁን አይቶ እጁን ወደ ፍሬኑ እስኪሰድ አንድ ሴኮንድ ቢፈጅበት፣ ፍሬኑን ገና ሳይነካ 8 ሜትር አልፏል። ከዚያ በኋላ ደኅና ፍሬን ካለው በ12 ሜትር ያህል ሊቆም ይችላል። የፍሬኑ ኀይል ግማሽ ብቻ ከሆነ ደግሞ 23 ሜትር ይፈልጋል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው 11 ሜትር የልጁ ሕይወት ነው፤ የነጂውም ሕይወት ነው።

ፍሬን ጕልበትን አያጠፋም፤ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል እንጂ። ያ 100 ኪሎ የሚመዝን ቢስክሌት 100 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጕልበት በሙሉ ወደ ፍሬኑ ቢገባ፣ አንድ ሦስተኛ ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። በእርግጥ ነፋሱና መንገዱ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ቍልቍለቱ ድንገተኛ በሆነ ጊዜ ግን አብዛኛው ለፍሬኑ ይተርፋል። ትንሽ ላስቲክ ይህን ሁሉ ሙቀት ሲቀበል ይለሰልሳል፣ ይበላል፣ መያዙንም ያቆማል።

ፓስካል ያየው

አሁን ወደ ዘይቱ እንምጣ። በ1623 ተወልዶ በ1662 የሞተው ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል አንድ ታላቅ ነገር አስተዋለ። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ በአንድ በኩል ቢጫኑት፣ ግፊቱ ሳይቀነስ ወደ ማዕዘኑ ሁሉ እኩል ይደርሳል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የዛሬው የመኪና ፍሬን በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

እጀታው ሥር ያለችው ትንሽ ፒስተን ስፋትዋ 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ናት እንበል። ዲስኩን የሚቆነጥጡት ሁለቱ ፒስተኖች ደግሞ እያንዳንዳቸው 4 ካሬ ሴንቲ ሜትር ናቸው። ጣትዎ እጀታውን ሲስብ በእጀታው ርዝመት ተባዝቶ ትንሿን ፒስተን በ50 ኪሎ ኀይል ቢገፋት፣ እያንዳንዱ ትልቅ ፒስተን በ200 ኪሎ ኀይል ዲስኩን ይጫናል። በነጻ የተገኘ ጕልበት ግን አይደለም፤ ኀይሉ ሲያድግ የሚሄደው ርቀት ያንሳል። ስለዚህ ሸራው ከዲስኩ በጣም ተጠግቶ መቀመጥ አለበት።

ይህን ጥበብ ለመኪና ያዋለው አሜሪካዊው ማልኮም ሎኪድ ነው፤ ፓተንቱን ያገኘው በ1917 ነው። በ1921 ዱዘንበርግ የተባለው መኪና በአራቱም እግሩ የዘይት ፍሬን ይዞ ወጣ። ፎርድ ግን በብረት ዘንግና በካቦ ፍሬን ጸንቶ እስከ 1939 ሞዴል ድረስ ቆየ። ዲስኩ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር በ1902 ፓተንት አወጣበት። ዓለም የተቀበለው ግን ጃጓር መኪና በ1953 በፈረንሳይ አገር በለ ማን የ24 ሰዓት እሽቅድምድም በዲስክ ፍሬን ካሸነፈ በኋላ ነው።

ሩቅ አገር ድረስ ምን አስኬደን? በየቀኑ የሚሳፈሩበት ባጃጅም ባለሦስት እግር ነው፤ ፍሬኑም የሚሠራው በዘይት ነው። ሾፌሩ በቀኝ እግሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ዘይቱ በቀጭን ቱቦ እየተገፋ ወደ መንኰራኵሮቹ ይሄዳል። ባጃጅ በዲስክ ፈንታ ታምቡር አለው፤ ሸራው ከውስጥ ወደ ውጭ እየተለጠጠ ታምቡሩን ይይዛል። የዘይቱ ሥራ ግን ያው ነው። ስለዚህ በመራዊም ሆነ በባሕር ዳር የባጃጅ ፍሬን የሚያበጅ መካኒክ የዘይት ፍሬንን ጠባይ ያውቃል። እንዲያውም በጋራዥ ደጃፍ ይህን የመሰለ ጨዋታ ይሰማል።

«ጋሼ፣ ይህ ፍሬን ሁለት ሦስት ጊዜ ካልረገጡት የማይዘው ለምንድን ነው?» ይላል ተማሪው።

«አየር ገብቶበት ነዋ፣ ልጄ!» ይላሉ መካኒኩ። «ዘይት ቢጫኑት አይጨማደድም፤ አየር ግን ይጨማደዳል። አንተ ስትረግጥ አየሩን ታጨማድዳለህ እንጂ ሸራውን አትገፋም።»

የዘይት ፍሬን ምሥጢር በዚህ አጭር መልስ ውስጥ አለ። አየር የገባበት የዘይት ፍሬን ከመጥፎ ካቦ የባሰ ነው።

ለሦስት እግር ለምን ይሻላል?

ካቦ ከነጥፋቱም ቢሆን አሮጌ ወዳጅ ነው። ታዲያ ለምን ዘይት እንመርጣለን? ሦስት ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው እኩልነት ነው። ባለሦስት እግሩ ከኋላ ሁለት መንኰራኵር ጎን ለጎን አለው። የቀኙ ፍሬን ጠንክሮ የግራው ቢላላ ቢስክሌቱ ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል። ሁለት ካቦዎችን እኩል ወጥሮ ማቆየት አስቸጋሪ ነው፤ አንዱ ይለጠጣል፣ ሌላው ይዝጋል። ከአንድ ፖምፓ ወደ ሁለት የተከፈለ ዘይት ግን ፓስካል እንዳለው ለሁለቱም እኩል ይጫናል።

ሁለተኛው ጭቃና ዝናብ ነው። የጣና አካባቢ ክረምት ምን እንደሚመስል ያውቃሉ። በቸርኬው ላይ የሚይዝ ፍሬን ቸርኬው በጭቃ ውኃ ሲርስ ይንሸራተታል፤ የጭቃው አሸዋም ቸርኬውን እየሞረደ ይበላዋል። ዲስክ ግን በመንኰራኵሩ እምብርት አጠገብ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ጭቃው ቶሎ አይደርስበትም። ቢረጥብም ሸራው ወዲያው ይጠርገዋል። ቸርኬው ቢጣመምም ዲስኩ ግድ የለውም።

ሦስተኛው የነጂው እጅ ነው። ይህ ሰው በእጁ ይዘውራል፣ በእጁ መሪ ይይዛል፣ በእጁ ፍሬን ይይዛል። የደከመ ክንድ ጠንካራ ካቦ እንዲስብ ማስገደድ ፍርደ ገምድልነት ነው። የዘይት ፍሬን በሁለት ጣት ይሠራል።

አገጣጠሙ

እርስዎ የቴክኒክ ተማሪ ከሆኑ ይህን ክፍል ከበያጅና ከቢስክሌት ጠጋኝ ጋር ሆነው ያንብቡት። ካልሆኑም አንድ ጊዜ ቢያነቡት፣ ሥራውን የሚሠራልዎ ሰው በትክክል መሥራቱን ለማወቅ ይረዳዎታል።

አንደኛ፣ የኋላዎቹ መንኰራኵሮች እምብርት ዲስክ የሚቀበል መሆን አለበት። ለቢስክሌት የተለመደው ዲስክ በስድስት ቡሎን ይታሰራል፤ የቡሎኖቹ ክብ ከዳር እስከ ዳር 44 ሚሊ ሜትር ነው። የዲስኩ ስፋት 160፣ 180 ወይም 203 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። ለከባድ ጭነት ሰፊው ይሻላል፤ ሰፊ ዲስክ ከመኻል ርቆ ስለሚያዝ ኀይል ይጨምራል፣ ሙቀቱንም ቶሎ ይበትናል። የመንኰራኵሩ ሽቦዎች እንደ ፀሐይ ጨረር ቀጥ ብለው ሳይሆን እርስ በርስ ተጠላልፈው መወጠር አለባቸው። ዲስክ የሚይዘው እምብርቱን ስለሆነ ጎማውን የሚያስቆሙት ሽቦዎቹ ናቸውና።

ሁለተኛ፣ መቆንጠጫው (መካኒኮች ካሊፐር ይሉታል) የሚታሰርበት ወፍራም የብረት ጆሮ በሻሲው ላይ ይበየዳል። የሥራው ዋና ክፍል ይህ ነው። ጆሮው ትንሽ ቢጣመም ሸራው ዲስኩን በአንድ ጎን እያሻሸ ይበላዋል። ስለዚህ በያጁ መጀመሪያ በነጥብ ብቻ ይያያዝ፤ መንኰራኵሩን አዙሮ ትክክለኛነቱን ካየ በኋላ ይጨርሰው። ሲበየድም ዲስኩ፣ ሸራውና ቱቦው በአጠገቡ አይኑሩ፤ ሙቀትና ፍንጣሪ ያበላሻቸዋል።

ሦስተኛ፣ የፖምፓው ምርጫ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የቢስክሌት እጀታ ውስጥ ያለው ትንሽ ፖምፓ የተሠራው ለአንድ መቆንጠጫ ነው። በዚያው ላይ ሁለት መቆንጠጫ ቢያስሩ የሚገፋው ዘይት አይበቃም፤ እጀታው እስከ መጨረሻው ተስቦ ማኑብሪዮውን ይነካል። ስለዚህ ወይ ሰፋ ያለ የትንሽ ሞተር ቢስክሌት ፖምፓ ከመከፋፈያ ጋር ይፈለጋል፤ ወይም ለሁለት መቆንጠጫ ታስቦ የተሠራ እጀታ ይገዛል። እጀታውም ነጂው ፔዳሉን ሳይለቅ፣ ወይም በአንዲት እንቅስቃሴ ብቻ በሚደርስበት ቦታ ይታሰር። ነጂውን አስቀምጠው ሳይለኩ ቡሎን አያጥብቁ።

አራተኛ፣ ቱቦው ከካቴናው፣ ከመንኰራኵሩ ሽቦዎችና ነጂው ከመቀመጫው ሲወርድ ከሚንሸራተትበት ቦታ ርቆ ይለፍ። ሲታጠፍ እንደ ቀስት ይታጠፍ እንጂ እንደ ክርን አይሰበር። መሪው ወደ ቀኝና ወደ ግራ እስከ መጨረሻው ሲዞርም መወጠር የለበትም።

አምስተኛ፣ ዘይቱ ነው። እዚህ ላይ ውድ አንባቢ ዓይንዎን ይክፈቱ። ሁለት ዓይነት የፍሬን ዘይት አለ። አንዳንዱ የቢስክሌት ፍሬን የሚሠራው በማዕድን ዘይት ነው፤ ሌላው፣ የመኪናና የባጃጅም ጭምር፣ ዶት 3 ወይም ዶት 4 በሚባለው ነው። ሁለቱ ጠላቶች ናቸው። አንዱ በሌላው ቦታ ቢገባ የውስጡን ላስቲክ ያሳብጠዋል ወይም ያበላሸዋል፤ ፍሬኑም ሳይታሰብ ይከዳል። ምን እንደሚፈልግ በራሱ በፖምፓው ክዳን ላይ ተጽፎ ይገኛል። የምግብ ዘይት ወይም የሞተር ዘይት ጨርሶ አይገባበትም። ዶት የሚባለው ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን ልኩ ወደ 140 ዲግሪ ይወርዳል። ስለዚህ ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ አይግዙ፤ በየሁለት ዓመቱም ዘይቱን ያስለውጡ። ቀለም ይልጣል፣ ዓይንንም ያቃጥላልና ልጆች ከማይደርሱበት ያስቀምጡት።

ስድስተኛ፣ አየሩን ማስወጣት ነው። በመርፌ ሲሪንጅ ዘይቱን ከታች ከመቆንጠጫው በኩል ቀስ አድርገው ወደ ላይ ይግፉት። አየር ወደ ላይ መውጣት ልማዱ ስለሆነ አረፋው በፖምፓው በኩል ይወጣል። ቱቦውን በጣትዎ ቀስ ብለው መታ መታ ያድርጉት፤ ተጣብቆ የቀረው አረፋ ይላቀቃል። እጀታው እንደ ስፖንጅ ሳይሆን እንደ ድንጋይ ጠንክሮ እስኪቆም ድረስ ይህን ሥራ አይተዉት።

ሰባተኛ፣ አዲስ ሸራ ዲስኩን መልመድ አለበት። ሜዳ ላይ፣ መኪና በሌለበት፣ በዝግታ እየሄዱ ሃያ ጊዜ ያህል መንኰራኵሩ ሳይታሰር ፍሬኑን መያዝና መልቀቅ ነው። ከዚህ በፊት ቍልቍለት አይሞከርም። ዲስኩን በዘይት ወይም በግራሶ በቆሸሸ እጅ አይንኩት፤ አንዲት ጠብታ ፍሬኑን ሁሉ ታበላሻለች። ከቍልቍለት እንደወረዱም አይንኩት፤ እንደ ምጣድ ያቃጥላል።

የማይቀሩ ሁለት ነገሮች

ሁለት ነገሮች ካልተጨመሩ ሥራው ጎዶሎ ነው። አንደኛው የማቆሚያ ቁልፍ ነው። በእጁ የሚዘውር ሰው ትልቁ አደጋ ሁልጊዜ በሩጫ ላይ አይደለም፤ ከአልጋው ወይም ከወንበር ወደ ቢስክሌቱ ሲሸጋገር ተሽከርካሪው ከሥሩ ቢንሸራተትበት ይወድቃል። ዘይት ግን ለረጅም ጊዜ ተጭኖ እንዲቆም አይታመንም፤ ቀስ ብሎ ሊያፈስ ይችላል። ስለዚህ መንኰራኵሩን በብረት የሚይዝ፣ ከዘይቱ ጋር የማይገናኝ ማቆሚያ ይደረግለት። የባጃጅም የእጅ ፍሬን ለብቻው በካቦ የሚሳብ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ሁለተኛው የቀድሞው የፊት ፍሬን ነው። «አዲስ መጣ» ተብሎ አሮጌው አይጣል። መከፋፈያው ቢያፈስ ሁለቱም የኋላ ፍሬኖች በአንድ ጊዜ ይሞታሉ፤ ያን ጊዜ ነጂው የሚተርፈው በፊተኛው ነው። ደግሞም ቍልቍለት ላይ ክብደት ወደ ፊት ስለሚያጋድል የኋላዎቹ ብቻቸውን መንሸራተት ይቀናቸዋል። የፊቱና የኋላው ተባብረው ሲይዙ ግን ቢስክሌቱ ረግቶ ይቆማል። ከፊት አንድ መንኰራኵር ያለው ባለሦስት እግር በጥምዝ ላይ እያለ ፍሬን በድንገት ቢይዙበት ወደ ጎን ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ ፍሬን የሚያዘው ጥምዙ ሳይደርስ በቀጥታው መንገድ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ አንባቢ «ይህ ሁሉ ደኅና ነው፤ መለዋወጫው ባይገኝስ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው እውነተኛ ነው። ካቦ ቢበጠስ የትኛውም ጠጋኝ በደቂቃዎች ውስጥ ይቀይረዋል፤ የዘይት ፍሬን ላስቲክ ቢቀደድ ግን ዕቃው እስኪገኝ ቢስክሌቱ ሊቆም ይችላል። ለዚህም መካከለኛ መንገድ አለ፤ በካቦ የሚሳብ የዲስክ ፍሬን ነው። የዘይቱን ያህል ልስላሴና እኩልነት ባይኖረውም፣ የዲስክን ጥቅም ከካቦ ቀላልነት ጋር ይሰጣል። አቅራቢያዎ የዘይት ፍሬን የሚያውቅ መካኒክ ካለና ሸራና ላስቲክ አስቀድመው መግዛት ከቻሉ ዘይቱን ይምረጡ። ካልቻሉ የካቦው ዲስክ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው በአንዲት የላስቲክ ቁራጭ ሰውን ወደ ቍልቍለት መላክ ነው።

ለእርስዎ የቀረው ሥራ

ይህን ጽሑፍ የሚያነቡት ተማሪ ወይም በመሥሪያ ቤት ወጣት ጸሐፊ ከሆኑ «እኔን ምን አገባኝ?» አይበሉ። በአዋጅ ቁጥር 568/2000 የአካል ጉዳተኞች ሥራ የማግኘት መብት ተደንግጓል። በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ደግሞ አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት አጽድቃለች። አዋጅ ግን ሰውን ከቤቱ እስከ ቢሮው ደጃፍ አያደርሰውም። ከጎንዎ ያለው የሥራ ጓደኛዎ በሰላም ደርሶ በሰላም እንዲመለስ የሚያደርገው መንኰራኵሩና ፍሬኑ ነው።

በባሕር ዳር ከተማ በ1955 ዓ.ም. የተከፈተው፣ የከተማው ሰው ዛሬም «ፖሊ» የሚለው የፖሊ ቴክኒክ ትምህርት ቤት፣ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ ስንት መሐንዲስ አፍርቷል። በየከተማውም የብየዳና የመኪና ጥገና ትምህርት የሚማሩ ወጣቶች አሉ። ሁለት ዲስክ፣ አንድ ፖምፓና ጥቂት ሜትር ቱቦ ከእነዚህ እጆች አቅም በላይ አይደሉም። ለመመረቂያ ሥራ ርእስ የቸገረው ተማሪ ካለ ከዚህ የተሻለ አያገኝም፤ ሲጨርስ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ወረቀት ሳይሆን በመንገድ ላይ የሚሄድ፣ ከሁሉም በላይ የሚቆም ሥራ ይሆንለታልና።

መሐንዲስ ያልሆኑም ቢሆን በሚመጣው እሑድ አንድ ነገር ማድረግ ይችላሉ። በሰፈርዎ በእጁ የሚዘውር ሰው ካለ አክብረው ሰላምታ ይስጡና ፈቃዱን ይጠይቁ፤ ቢስክሌቱም ሆነ አካሉ የራሱ ነውና ሳይጠይቁ አይንኩ። ከፈቀደ ሦስት ነገሮችን አብራችሁ ተመልከቱ። እጀታው ሲሳብ ከማኑብሪዮው ሳይደርስ ይጠነክራል? ሸራው ወይም ላስቲኩ ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ ቀርቶታል? ቍልቍለት ላይ ቆሞ ሳለ ማቆሚያው ብቻውን ይይዘዋል? ከሦስቱ አንዱ «የለም» ከሆነ ነገ ሳይባል ወደ ጠጋኝ ይሂድ። የካቦ ዋጋ ለሦስት ጓደኛሞች ቢከፋፈል የአንድ ቀን የሻይ ወጪ ቢሆን ነው፤ የዲስኩን ፍሬን ደግሞ አንድ መሥሪያ ቤት ወይም አንድ የክፍል ተማሪዎች ተባብረው ሊገዙት ይችላሉ።

የዛሬ ሦስት መቶ ሰባ ዓመት ገደማ ያ ወጣት ሰዓት ሠሪ የሚሄድበትን ራሱ ሠራ። የእኛ ዘመን ድርሻ የሚቆምበትን መጨመር ነው።